ባለቀዳዳ ጥምር ካታሊስት ምንድን ነው?

ካታሊስት የኬሚካል ለውጥን ያፋጥናል፤ ራሱ ግን በሥራው አያልቅም። ባለቀዳዳ ጥምር የሚባለው ከሁለት ነገር ይሠራል። አንዱ እንደ ዚዮላይት (ከአሉሚኒየም፣ ከሲሊከንና ከኦክስጅን የተሠራ ማዕድን) ወይም ካርቦን ያለ፣ በዓይን የማይታዩ ቀዳዳዎች የሞሉት ጠጣር ነው። ሌላው እላዩና ውስጡ የተበተኑ የፓላዲየም ወይም የመዳብ ቅንጣቶች ናቸው። የአንድ ግራም ጥሩ ካርቦን የውስጥ ገጽ ቢዘረጋ 1000 ካሬ ሜትር ሊደርስ ይችላል። ሥራው ያለው እዚያ ነው።

ምን ይሠራል? አሚን በሚባሉት ናይትሮጅን ያላቸው ውህዶች ላይ ሜቲል ይጨምራል። ሜቲል አንድ ካርቦንና ሦስት ሃይድሮጅን ነው። ብዙ መድኃኒትና ቀለም ይህችን ጭማሪ ይፈልጋል።

በድሮው መንገድ ሜቲሉ የሚመጣው ከሜቲል አዮዳይድ ነበር። መርዛማ ነው። የሚያስቆጨው ደግሞ ብክነቱ ነው፤ ከ142 ግራሙ የምንፈልገው ሜቲል 15 ግራም ብቻ ነው።

ሜታኖል ግን ርካሽ ነው፤ ነገሩ ከተሳካ የሚተርፈው ውሃ ብቻ ነው። ችግሩ፣ በራሱ ከአሚኑ ጋር ቶሎ አይዋሃድም። ስለዚህ ብረቱ፣ ማለትም ፓላዲየሙ ወይም መዳቡ፣ ከሜታኖሉ ሃይድሮጅን ይወስድና ቶሎ ወደሚዋሃድ ውህድ፣ ወደ ፎርማልዴሃይድ፣ ይቀይረዋል። ፎርማልዴሃይዱ ከአሚኑ ጋር ሲጣመር ውሃ ይወጣል። በመጨረሻ ብረቱ የወሰደውን ሃይድሮጅን ለአዲሱ ውህድ ይመልሳል። ኬሚስቶች ይህን የሃይድሮጅን ብድር ይሉታል።

ቀዳዳውስ? እሱም ዝም ብሎ ማረፊያ አይደለም። አሞኒያና ሜታኖል ሲገናኙ አንድ፣ ሁለት ወይም ሦስት ሜቲል ያላቸው አሚኖች ይወጣሉ። በተለመደው ካታሊስት የሚበዛው ባለሦስቱ ነው፤ የበሰበሰ ዓሣ የሚሸተው ማለት ነው። ገበያው አጥብቆ የሚፈልገው ግን ባለሁለቱን ነው። በ1984 እ.ኤ.አ. የጃፓኑ ኒቶ ኬሚካል ቀዳዳው የጠበበ ሞርዴናይት የተባለ ዚዮላይት ፋብሪካ ውስጥ አስገባ። ባለሦስቱ ግዙፍ ስለሆነ በዚያ ቀዳዳ መውጣት ይከብደዋል። እርግጥ እዚያ የከበረ ብረት የለም፤ ዚዮላይቱ በአሲድነቱ ራሱ ይሠራል። የጥምሮቹ ሐሳብ ሁለቱን ችሎታ አንድ ላይ ማምጣት ነው።

ሲወራ ቀላል ይመስላል። የመድኃኒት አሚኖች ግን ብዙ ጊዜ ትልልቅ ናቸው፤ ጠባብ ቀዳዳ ጭራሽ አያስገባቸውም። ቀዳዳው በካርቦን ዝቃጭ ይደፈናል፤ ብረቱም ቀስ በቀስ እየታጠበ ይሄዳል። በዚያ ላይ ዛሬ አብዛኛው ሜታኖል የሚመረተው ከተፈጥሮ ጋዝና ከድንጋይ ከሰል ነው። ስለዚህ አንድ አዲስ ካታሊስት "አረንጓዴ" ተብሎ ሲወደስ፣ እኔ መጀመሪያ የማየው ካታሊስቱ ተጣርቶ ስንት ጊዜ እንደገና ሥራ ላይ እንደዋለና ሜታኖሉ ከየት እንደመጣ ነው።