የጎልማሶች የሃይማኖት ትምህርት በባሕር ዳርና በጣና ዳር

ባሕር ዳር ውስጥ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ወይም በሥራ ቀን አመሻሽ ላይ ወደ አንዱ ደብር አዳራሽ ጎራ ብትሉ፣ ነጠላ ያጣፉ ትልልቅ ሰዎች ደብተር ይዘው ተቀምጠው ታገኛላችሁ። ጡረተኛ አለ፣ ባጃጅ ነጂ አለ፣ ልጆቿን ከሕፃናቱ ክፍል አድርሳ የመጣች እናት አለች። አንዱ ደብር «የጎልማሶች ክፍል» ይለዋል፣ ሌላው «የወላጆች ጉባኤ»። ሥራው ግን ያው ነው። ምእመኑ የሚያምነውን አውቆ እንዲያምን፣ ሲጠየቅም መልስ እንዲኖረው ማድረግ። ስለ ሕፃናቱና ስለ ወጣቶቹ ሰንበት ትምህርት ቤት የሚናገር አይጠፋም፤ ስለ ጎልማሶቹ ግን አንድ ላይ የተሰበሰበ ነገር ስላጣሁ ያለኝን እዚህ አኖራለሁ። የምጽፈው ስለ ኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ነው። ከተማው ውስጥ ያሉ የወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናትም የየራሳቸው የአዋቂዎች የመጽሐፍ ቅዱስ ጥናት አላቸው።

ትልቅ ሰው ተቀምጦ መማሩ አዲስ ነገር አይደለም። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 8 ላይ ያለው ኢትዮጵያዊ ጃንደረባ የንግሥት ሕንደኬ ባለሟልና የገንዘብ ኃላፊ ነበር፤ ልጅ አልነበረም። ሠረገላው ላይ ሆኖ ኢሳይያስን ያነብባል፣ ፊልጶስ የምታነበውን ታስተውለዋለህ ወይ ሲለው፣ የሚመራኝ ሳይኖር እንዴት ይቻለኛል አለው። መምህራኑ ይህን ታሪክ ደጋግመው ያነሡታል። «በዚህ ዕድሜዬ ደብተር ልያዝ?» ብሎ ለሚያፍር ሰው ከዚህ የተሻለ ማበረታቻ የለም።

ጣና ላይ ደግሞ የትምህርት ሥሩ ጥልቅ ነው። ዳጋ እስጢፋኖስ በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ የዘጌ ገዳማት በ14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የተመሠረቱ ናቸው። ታቦተ ጽዮን ወደ አክሱም ከመሄዷ በፊት ለብዙ መቶ ዓመታት በጣና ቂርቆስ እንዳረፈች አባቶች ይናገራሉ። ታሪክ ጸሐፊዎች የጽሑፍ ማስረጃ ይጠይቃሉ፤ እኛ የጣና ዳር ሰዎች ግን ከአባቶቻችን የተቀበልነው ይህንን ነው።

ነገሩ የጦፈው በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ነው። ዐፄ ሱስንዮስ በኢየሱሳውያን ሚስዮናውያን ተሰብከው እ.ኤ.አ. በ1622 የካቶሊክ እምነትን በይፋ ተቀበሉ። ያኔ «ክርስቶስ አንድ ባሕርይ ነው ወይስ ሁለት?» የሚለው ጥያቄ ከሊቃውንቱ ጉባኤ ወጥቶ በየቤቱ ገባ። ባልና ሚስት ሳይቀር ተለያየበት። ወለተ ጴጥሮስን የምናውቃት በዚህ ነው። ባሏ መልክአ ክርስቶስ የንጉሡ የጦር አለቃ ነበር። እሷ ትዳሩንና ድሎቱን ትታ ወጣች፣ መነኮሰች፣ ሕዝቡ በአባቶቹ ሃይማኖት እንዲጸና እየዞረች አስተማረች። ንጉሡ ፊት ቀርባለች፣ ተግዛለች፣ አልተመለሰችም። ከእሷና ከጓደኛዋ ከእኅተ ክርስቶስ ጋር ወንዱም ሴቱም እየተሰበሰበ በጣና ዙሪያ ማኅበር መሠረተ። እ.ኤ.አ. በ1632 ዐፄ ሱስንዮስ ሃይማኖቱን መልሰው ዙፋኑን ለልጃቸው ለፋሲል ለቀቁ፤ እሷም ከ10 ዓመት በኋላ፣ በ1642 ዐረፈች። ገድሏ በ1672 ተጽፏል፤ በጣና ምሥራቅ ዳርቻ ያለችው ቆራጣም እስከ ዛሬ ስሟን ትጠራለች። ከሷ በፊት በዚህ ሐይቅ ዳር ትልልቅ ሰዎችን ሰብስባ ሃይማኖት ያስተማረች ሴት እኔ አላውቅም። የዚያ ዘመን ትዝታ በድንጋይም ቀርቷል። በባሕር ዳር ቅዱስ ጊዮርጊስ ግቢ ያለውን አሮጌ ግንብ የኢየሱሳዊው ሚስዮናዊ የጴድሮ ፓኤዝ ሥራ ነው ይሉታል።

ከዚያ በኋላ ስለ ክርስቶስ ባሕርይ የቅባትና የጸጋ ወገኖች ያነሡት ክርክር መጣ። በ1870 ዓ.ም. በዐፄ ዮሐንስ ዘመን የቦሩ ሜዳ ጉባኤ ተደርጎ ተዋሕዶ ጸና። በጎጃም በኩል የቀረውን ንግግር ለሊቃውንቱ እተወዋለሁ።

ቤተ ክርስቲያኒቱ በ1951 ዓ.ም. የራሷን ፓትርያርክ አገኘች። በ1965 ዓ.ም. ደግሞ ቃለ ዓዋዲ ወጣ፤ የሰበካ ጉባኤ በየደብሩ የተደራጀው በዚህ ሕግ ነው። ምእመናን በደብራቸው ጉዳይ ድምፅ ሲያገኙ ለመማሪያ አዳራሽም፣ ለመምህርም የሚያስብ አካል ተገኘ። የደርግ ዘመን ለስብከት ጠባብ ነበር። በ1984 ዓ.ም. ማኅበረ ቅዱሳን ከተመሠረተ በኋላ በየዩኒቨርሲቲው ግቢ ጉባኤ፣ ማለትም የተማሪዎች የሃይማኖት ትምህርት፣ ተስፋፋ። ባሕር ዳር የተማሪ ከተማ ናት፤ ፖሊቴክኒኩ ከ1955 ዓ.ም. ጀምሮ አለ። በግቢ ጉባኤ የተማረው ልጅ ተመርቆ፣ ሥራ ይዞ፣ አግብቶ ሲወልድ «አሁንስ የት ልማር?» ማለቱ አይቀርም። የጎልማሶቹ ክፍል አንዱ መልሱ ነው።

ትምህርቱ የሚጀምረው አብዛኛውን ጊዜ ከሥነ ፍጥረት ነው፣ ከዚያ አምስቱ አእማደ ምሥጢር ይከተላሉ። ምሥጢረ ሥላሴ፣ ምሥጢረ ሥጋዌ፣ ምሥጢረ ጥምቀት፣ ምሥጢረ ቁርባን፣ ምሥጢረ ትንሣኤ ሙታን። አምስት የሆኑት ቅዱስ ጳውሎስ በማኅበር መካከል አምስት ቃላት በአእምሮዬ ልናገር እወዳለሁ ካለው (1ኛ ቆሮ 14፥19) ጋር ተያይዞ ነው። ሰባቱ ምሥጢራተ ቤተ ክርስቲያን፣ ጸሎተ ሃይማኖትና የኒቅያ፣ የቁስጥንጥንያ፣ የኤፌሶን ጉባኤያት በየተራቸው ይመጣሉ።

ምሳሌው ደስ ይላል። ሥላሴን በፀሐይ ያስረዳሉ፣ ክበቡ፣ ብርሃኑ፣ ሙቀቱ። እዚህ ግን ባሕሩ ይቀርባል። ባሕር አንድ ሲሆን ስፋት፣ ርጥበትና ሁከት አለው። ማዕበሉን ከልጅነቱ ጀምሮ ሲያይ ለኖረ የጣና ዳር ሰው ይሄ ቶሎ ይገባዋል። ለመለኮትና ለሥጋ ተዋሕዶ ደግሞ የጋለ ብረት ነው ምሳሌው። እሳቱና ብረቱ ይዋሐዳሉ፣ እሳቱ እሳትነቱን ብረቱም ብረትነቱን አይለቅም። ቀጥሎ «ያለ ቱሳሔ፣ ያለ ውላጤ፣ ያለ ቡዓዴ» ይባላል፤ ይኸውም ያለ መቀላቀል፣ ያለ መለወጥ፣ ያለ መለያየት ማለት ነው፣ ሁሉም በደብተሩ ይጽፈዋል። ንባብ ቤት፣ ዜማ ቤት፣ ቅኔ ቤት፣ መጻሕፍት ቤት አልፈው የመጡ የአብነት መምህር ይህን በአማርኛ ሲዘረዝሩት፣ ዕድሜውን ሙሉ ቅዳሴውን ሰምቶ ትርጉሙን ያልጠየቀ ሰው ዐይኑ ሲበራ ይታያል።

መርሐ ግብሩ ጸሎት፣ መዝሙር፣ ትምህርት፣ ከዚያ ጥያቄና መልስ ነው። ጥያቄው በቁራጭ ወረቀት ተጽፎ ከኋላ ወደ ፊት እጅ በእጅ ይተላለፋል። አንድ ቀን የመጣችውን ወረቀት አስታውሳለሁ፣ ከልጅ ደብተር የተቀደደች ናት። «ጌታ አምላክ ከሆነ በጌቴሴማኒ ወደ ማን ጸለየ?» ትላለች። የጻፈው ባጃጅ ነጂ ነው፣ አባይ ማዶ ያወረደው ተሳፋሪ ጠይቆት መልስ አጥቶ ነው የመጣው። መምህሩ አልተቆጡም። ፊልጵስዩስ 2ን አስከፈቱ፣ የባሪያን መልክ መያዙን አስነበቡ፣ ለእኛ አብነት ሊሆን በለበሰው ሥጋ መጸለዩን አብራሩ። ከዚያ አንዲት እናት እጃቸውን አውጥተው «ታዲያ ላብ እስኪያልበው ለምን ጨነቀው?» አሉ። «ጥሩ ጠየቁ እናታችን» ብለው ሌላ ግማሽ ሰዓት ሄዱበት። ማንም አልተነሣም።

እምነትን ለሌላ ማካፈል የሚለመደውም እንዲህ ነው። 1ኛ ጴጥሮስ 3፥15 ስላላችሁ ተስፋ ለሚጠይቋችሁ መልስ ለመስጠት ተዘጋጁ ይላል፣ በየዋህነትና በፍርሃት መሆኑንም ይጨምራል። መምህራኑ የሚያሰምሩት ይህችን የዋህነት ነው፣ በእኔም ሐሳብ ልክ ናቸው። ክርክር የሚወድ ተማሪ ሁሌም አለ፤ መንገድ ላይ ሰው አፋጥጦ የሚመለስ። እሱን ማረጋጋት ይፈልጋል። አብዛኛው ግን የተማረውን የሚያካፍለው በጽዋ ማኅበር፣ በሰንበቴ፣ ቡና ሲፈላ ከጎረቤት ጋር ነው። አሁን አሁን ትምህርቱን በስልክ ቀድቶ በቴሌግራም ለዘመድ የሚልክም በዝቷል።

በዓመት አንዴ ወይም ሁለቴ ጉዞ አለ። በጀልባ ዘጌ ተሻግረው ዑራ ኪዳነ ምሕረት ይገባሉ። የመቅደሱ ግድግዳ ላይ ያለው ሥዕል ማንበብ ለማይችል ሰው የተጻፈ መጽሐፍ ነው፣ መምህሩም በአዳራሽ ያስተማሩትን እየዞሩ በሥዕሉ ያሳያሉ። ክብራን ገብርኤል ሲሆን ሴቶች አይገቡም፣ ስለዚህ ለድብልቅ ጉዞ የሚመረጠው ዘጌ ነው።

ክረምት ሲገባም ክፍሉ አይበተንም። በጾመ ፍልሰታ፣ ከነሐሴ 1 እስከ 15፣ በየቤተ ክርስቲያኑ የውዳሴ ማርያም ትርጓሜ በየቀኑ ይሰማል፣ ጎልማሶቹም ደብተራቸውን ይዘው እዚያ ይገኛሉ። የየዕለቱ ክፍል በግእዝ ይነበባል፣ በአማርኛ ይፈታል፣ «አንድም» እየተባለ፣ ማለትም ሌላ ሌላ ትርጉም እየተጨመረ፣ ይተረጎማል። ነሐሴ ባሕር ዳር ላይ ዝናቡ ኃይለኛ ነው። ቆርቆሮው ላይ ሲበረታ መምህሩ ጣታቸውን መጽሐፉ ላይ አድርገው ዝም ይላሉ፣ ሲያባራ «አንድም» ብለው ካቆሙበት ይቀጥላሉ።