ስለ ራግቢ ተጫዋች ሕይወት የምንሰማቸው የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ደብረ ብርሃን ውስጥ ዲኤስቲቪ ቤት የሚያዘወትር ሰው አልፎ አልፎ ራግቢ ያያል። ሞላላ ኳስ፣ ግዙፍ ሰዎች፣ ጭቃ። ከዚያ አስተያየቱ ይዥጎደጎዳል። የሰሜን ሸዋ ልጆች ስፖርትን እንደ እንጀራ ማሰብ ከጀመሩ ቆይተዋል። ስለዚህ የዚህን ሙያ እውነተኛ መልክ ቢያውቁት ደስ ይለኛል። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

«ድብድብ ነው፤ ጉልበት ያለው ያሸንፋል»

አይደለም። ኳስ በእጅ ወደ ፊት ማቀበል ክልክል ነው፤ ወደ ጎን ወይም ወደ ኋላ ብቻ ነው የሚቻለው። ታክል (ይዞ መጣል) የሚደረገውም ኳስ የያዘው ሰው ብቻ ነው፤ ያውም ከትከሻ በታች፣ በክንድ አቅፎ። ጭንቅላት የመታ ተጫዋች በቀይ ካርድ ሊወጣ ይችላል። ብዙ ሰው ከአሜሪካ ፉትቦል ጋር ያምታታዋል። የብረት ፍርግርግ ያለው ሄልሜትና ትልልቅ የትከሻ መከላከያ የዚያኛው ነው።

«ግዙፍ ካልሆንክ ቦታ የለህም»

ቡድኑ 15 ሰው ነው፤ ሥራውም የተለያየ ነው። ስክረም ላይ፣ ማለትም ሁለቱ ቡድኖች ተቃቅፈው በሚገፋፉበት ጊዜ፣ ከፊት የሚገፉት ከባድ መሆን አለባቸው። ክንፍ ላይ ያለው ግን ፍጥነት ይበቃዋል። የደቡብ አፍሪካው ቼስሊን ኮልቢ ቁመቱ ከ1 ሜትር ከ75 በታች ነው። በ2019 የዓለም ዋንጫ ፍጻሜ በእንግሊዝ ቡድን ላይ ትራይ (ኳሱን ከተጋጣሚው የግብ መስመር ማዶ መሬት በማስነካት የሚገኝ ነጥብ) አስቆጥሯል።

«ፕሮፌሽናል ከሆንክ ሀብታም ነህ»

ወጣቶችን በጣም የሚያሳስተው ይሄ ነው። የ15ቱ ራግቢ ለተጫዋች ደመወዝ መክፈልን በይፋ የፈቀደው ገና በ1995 ነሐሴ ወር ነው። ከዚያ በፊት ተጫዋቹ ሌላ ሥራ ነበረው፤ መምህር፣ ገበሬ፣ ፖሊስ። ዛሬም ክፍያው ከትልልቅ የእግር ኳስ ሊጎች ጋር አይወዳደርም። ውሉ ብዙ ጊዜ የጥቂት ዓመታት ነው። አብዛኛው ተጫዋች ሠላሳዎቹ መጀመሪያ አካባቢ ጫማውን ይሰቅላል፤ ጉልበቱ ወይም ትከሻው ከተጎዳ ደግሞ ከዚያም በፊት።

ክለቡም ዋስትና አይደለም። እንግሊዝ ውስጥ በ2022 ዉስተርና ዎስፕስ በገንዘብ ችግር ወደቁ፤ በ2023 ለንደን አይሪሽ ተከተላቸው። ዎስፕስ እኮ ሁለት ጊዜ የአውሮፓ ሻምፒዮን የሆነ ክለብ ነው! የዉስተርና የዎስፕስ ተጫዋቾች በውድድር ዘመኑ መሃል ሥራ አጥ ሆኑ። አስተዋይ ተጫዋች እየተጫወተ የሚማረው ለዚህ ነው።

«ጭንቅላት ቢመታም ውሃ አፍስሰህ ትቀጥላለህ»

እባካችሁ፣ ይሄን አስተሳሰብ እንተወው። ስቲቭ ቶምፕሰን በ2003 ከእንግሊዝ ጋር የዓለም ዋንጫ ያነሳ ሰው ነው። በ2020፣ ገና በ42 ዓመቱ፣ የመርሳት በሽታ እንደያዘው ተናገረ። ዋንጫውን ማንሳቱን እንኳ አያስታውስም። አሁን በትልልቅ ውድድሮች አንጎሉ ተናውጧል ተብሎ የተጠረጠረ ተጫዋች ከሜዳ ወጥቶ በሐኪም ይመረመራል። አንጎሉ መናወጡ ከተረጋገጠ በዚያን ቀን አይመለስም። እኛ ጋ ግን በገና ጨዋታም ሆነ በእግር ኳስ ጭንቅላቱን የተመታ ልጅ «አይዞህ፣ ወንድ አይደለህ?» ተብሎ ይመለሳል። ማስመለስ፣ ማዞር፣ ግራ መጋባት ካየንበት ቁጭ ይበል፤ ሐኪም ይየው።

«የነጮች ጨዋታ ነው፤ ለሴትም አይሆንም»

ሲያ ኮሊሲ ዝዊዴ በምትባል የደቡብ አፍሪካ ጥቁሮች ሰፈር በድህነት ያደገ ልጅ ነው። በ2018 የአገሩ የመጀመሪያው ጥቁር የቴስት (የብሔራዊ ቡድኖች ግጥሚያ) አምበል ሆነ፤ በ2019 እና በ2023 የዓለም ዋንጫን አነሳ። ጎረቤታችን ኬንያ ደግሞ በ2016 በሰባት ሰው ራግቢ የሲንጋፖርን ውድድር አሸንፋለች፤ በፍጻሜው የረታችው ፊጂን ነው። በዚያው ዓመት ሪዮ ላይ ይኸው የሰባቱ ጨዋታ በወንድም በሴትም የኦሊምፒክ ስፖርት ሆነ።

«የደጋ ልጅ ሯጭ ነው፤ የሰባቱ አያቅተውም»

ግማሹ እውነት ነው። ከ2,800 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያደገ ልጅ ትንፋሽ አያጥረውም። ጨዋታው ግን አንዱ አጋማሽ 7 ደቂቃ ብቻ ነው፤ የሚጠይቀውም ደጋግሞ መፈትለክን፣ መውደቅን፣ ወዲያው መነሳትን ነው። ከደብረ ብርሃን ወጣ ብሎ በአስፋልቱ ዳር ረጅም ርቀት መሮጥ ብቻውን ይሄን አያስተምርም። መሞከር የሚፈልግ ልጅ የ40 እና የ50 ሜትር ሩጫ በአጭር እረፍት ይደጋግም፤ ከጓደኛው ጋርም እየሮጠ ወደ ኋላ ማቀበልን ይለማመድ። ታክል ግን የሚያሳይ አሰልጣኝ ሳይኖር አይሞከርም።