የአቢሲኒያ ድመት

የአቢሲኒያ ድመት ዛሬ ጠዋት ከጫካ ወጥታ ሳሎን የገባች ትመስላለች። እግሮቿ ረጅምና ቀጭን፣ ጆሮዎቿ ትልልቅና ወደ ፊት ያዘነበሉ፣ ወርቃማ ወይም አረንጓዴ ዓይኖቿ ደግሞ ኩል የተኳሉ ያህል በጥቁር መስመር የተከበቡ ናቸው። ክብደቷ ግን ብዙውን ጊዜ ከ3 እስከ 5 ኪሎ ግራም ብቻ ነው። ቤንጋል የተባለው ዝርያ ከእስያ የዱር ድመት፣ ሳቫና የተባለው ደግሞ ሰርቫል ከሚባለው የአፍሪካ አነር ጋር በማዳቀል የተገኙ ናቸው። የአቢሲኒያ ድመት እንዲህ ያለ ድቅል አይደለችም፤ ሙሉ በሙሉ የቤት ድመት ናት።

የዱር መልኳ ምስጢር ፀጉሯ ነው። አንዷን የፀጉር ዘለላ ለብቻ ነጥሎ ለተመለከተ ሥሯ ፈዛዛ፣ ወደ ላይ ፈዛዛና ጠቆር ያለ ቀለም እየተፈራረቀባት የምትሄድ፣ ጫፏ ላይ ጠቁራ የምታበቃ ሆና ያገኛታል። የዱር ጥንቸልን ፀጉር በቅርብ ያየ ሰው ይህን ወዲያው ይረዳል፤ እንግሊዞችም ቀደም ሲል «የጥንቸል ድመት» ይሏት ነበር። በሌሎች ድመቶች ጎን ላይ የሚታየው ሽንትር ወይም ነጠብጣብ እሷ ላይ ጠፍቶ ግንባሯ ላይ ብቻ አሻራው ይቀራል። በ2021 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ለዚህ ምክንያቱ ዲኬኬ4 በተባለው ዘረ መል ላይ የደረሰ ለውጥ መሆኑን አሳይቷል። በብዛት የምትታየው ቀላ ባለ ቡኒ ቀለም ሲሆን፣ ቀረፋ የሚመስል፣ ሰማያዊ ግራጫና ፈዛዛ ቡኒም አሉ። ግልገሎቹ ጠቆር ብለው ይወለዱና ትክክለኛው ቀለማቸው የሚወጣው ቀስ በቀስ ነው።

ስሟ ወደ አገራችን ታሪክ ይወስደናል፤ ወደ አሳዛኙ ምዕራፍ። በ1868 እ.ኤ.አ. የጄኔራል ናፒየር ጦር ከመቅደላ ሲመለስ የብራና መጻሕፍቱን፣ ዘውዱን፣ ሕፃኑን ልዑል ዓለማየሁንም ይዞ ሄደ። በ1874 እ.ኤ.አ. እንግሊዝ ውስጥ በታተመ የድመቶች መጽሐፍ ላይ ደግሞ ጦርነቱ ሲያበቃ ከአቢሲኒያ የመጣች የአንድ የጦር መኮንን ባለቤት ድመት በሥዕል ወጣች። ስሟ ዙላ ነበር፤ ዙላ የእንግሊዝ ጦር የወረደበት የቀይ ባሕር ወደብ ስም ነው። ይሁን እንጂ በሥዕሉ ላይ ያለችው ድመት ጆሮዋ ትንሽ ነው፤ የዛሬዎቹን እምብዛም አትመስልም። በእሷና በዛሬው ዝርያ መካከል የተመዘገበ የትውልድ ሐረግም የለም።

በኔዘርላንድስ ላይደን ከተማ በሚገኝ ሙዚየም በ1830ዎቹ የተገዛችና ቆዳዋ ተጠብቆ የተቀመጠ፣ የዛሬዋን የአቢሲኒያ ድመት የምትመስል ድመት አለች። መለያ ጽሑፏ ከህንድ የመጣች የቤት ድመት ይላታል። የዘረ መል ምርመራዎችም ወደ ህንድ ውቅያኖስ ዳርቻና ወደ ደቡብ ምሥራቅ እስያ ያመለክታሉ። ስለዚህ ስሟ የእኛ ቢሆንም የትውልድ ሐረጓ ከሌላ ቦታ ይመዘዛል፣ ዝርያ ሆና የተቀረጸችው ደግሞ በእንግሊዝ አርቢዎች እጅ ነው። ይህን በግልጽ መናገር ከስሙ የሚገኘውን ደስታ አይቀንስም። ረጅም ፀጉር ያላት ዘመዷ ሶማሊ ተብላ የተሰየመችውም ሁለቱ አገሮች ጎረቤት በመሆናቸው ነው።

ይህችን ድመት ለማሳደግ ያሰበ ሰው ከመልኳ በፊት ጠባይዋን ይወቅ። እቅፍ ውስጥ ተጋድማ የምትውል አይደለችም። ባለቤቷን ከክፍል ክፍል ትከተላለች፣ መደርደሪያ ላይ ትወጣለች፣ የቁም ሣጥን በር መክፈት ትማራለች፤ ድምፅዋ ግን ዝቅ ያለ ነው። ቀኑን ሙሉ ቤቱ ባዶ ለሚሆን ሰው ብቻዋን መያዝ በደል ይመስለኛል፤ ሌላ ድመት ብትጨመርላት ይሻላል። ከፍ ያለ መውጫ፣ ጥፍሯን የምትስልበት በቃጫ ገመድ የተጠቀለለ ግንድና በየቀኑ የጨዋታ ጊዜ ያስፈልጋታል። ፀጉሯ አጭር ስለሆነ በሳምንት አንድ ጊዜ ማበጠር ይበቃል።

በምግብ በኩል፣ በአገራችን ለድመት ወተትና የተረፈ እንጀራ መስጠት የተለመደ ነው። ድመት ግን ሥጋ በል ናት። ታውሪን የተባለው ንጥረ ነገር ሲጎድላት ልቧና ዓይኗ ይጎዳሉ፤ ወተት ብዙ አዋቂ ድመቶችን ያስቀምጣቸዋል፤ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት ያለበት ወጥ ደግሞ ይመርዛታል።

ከሁሉ በላይ ጥንቃቄ የሚሻው ጤናዋ ነው። ዝርያው የዓይንን ብርሃን ቀስ በቀስ የሚያጠፋ፣ እንዲሁም ቀይ የደም ሴሎችን እያፈረሰ የደም ማነስ የሚያስከትል በሽታ ሊወርስ ይችላል። ሁለቱም የሚመጡት ጉድለቱ ከእናትም ከአባትም ሲወረስ ነውና ገዢው የወላጆቹን የዘረ መል ምርመራ ውጤት ይጠይቅ፤ ለማሳየት የሚያመነታ አርቢ ዘንድ አይግዛ። የኩላሊት ሕመምና የድድ ቁስለትም ስለሚያጠቋት ጥርሷን ከግልገልነቷ ጀምሮ መቦረሽ ማስለመድ ይገባል። በ2007 እ.ኤ.አ. የድመት የዘር ካርታ ረቂቅ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲወጣ ናሙናው የተወሰደው በአሜሪካ ሚዙሪ ዩኒቨርሲቲ ከነበረች ሲናሞን ከተባለች የአቢሲኒያ ድመት ነበር፤ እሷም ያንን የዓይን በሽታ ከወረሰ ቤተሰብ የተወለደች ናት።