የምስጢር ጠባቂነት ግዴታ ምንድን ነው?

ሱቅ ውስጥ ስልክ ቁጥሩን የተጠየቀ ሰው "አልሰጥም" ብሎ መውጣት ይችላል። የመንግሥት መሥሪያ ቤት ግን እንደዚያ አይደለም። ግብር ሊከፍል ወይም ልጅ ሊያስመዘግብ የሄደ ባለጉዳይ ፎርሙን መሙላት አለበት። አልሞላም ካለ ጉዳዩ አያልቅም፤ የሚሄድበት ሌላ ቢሮም የለም። መሥሪያ ቤቱ የያዘውን የግል መረጃ እንደ አደራ እንዲጠብቅ የሚጠየቀውም ለዚህ ነው።

ይህ ግዴታ ከግላዊነት ጋር ይምታታል። ግላዊነት የባለጉዳዩ መብት ነው፤ ምስጢር ጠባቂነት ደግሞ የተቀባዩ ግዴታ። መንጃ ፈቃድ ሊያወጣ የመጣን ሰው ሃይማኖቱን መጠየቅ ግላዊነቱን ይነካል፣ መልሱ ከቢሮው ባይወጣም። የዓይን ምርመራውን ውጤት ለሌላ ሰው ማውራት ግን ምስጢር ማባከን ነው።

ምስጢር ሲባል ማንም አያየውም ማለት አይደለም። ጥያቄው የሚያየው ሰው ለምን ያየዋል የሚለው ነው። የሕክምና ካርድን ሐኪሙም ነርሷም ያዩታል፣ ሥራቸው ነው። የሒሳብ ክፍሉ ሠራተኛ "እስቲ ጎረቤቴ ምን ሆኖ ነው?" ብሎ ቢከፍተው ግን፣ ለማንም ትንፍሽ ባይል እንኳ፣ አጥፍቷል። ብዙዎች ይህን እንደ ቀላል ነገር ያልፉታል። እኔን ግን ከኮምፒውተር ጠላፊው ይልቅ ይሄኛው ያሳስበኛል።

ግዴለሽነትም አለ። እ.ኤ.አ. በ2007 የብሪታንያ የግብር መሥሪያ ቤት 25 ሚሊዮን ገደማ ሰዎች የተመዘገቡባቸውን 2 ሲዲዎች ለሌላ መሥሪያ ቤት ላከ። ሲዲዎቹ መንገድ ላይ ቀሩ። ስም፣ አድራሻ፣ የልደት ቀን፣ የባንክ ሒሳብ ቁጥር ሳይቀር ነበረባቸው።

"የባለቤቱን ስም ሰርዘን ነው ያወጣነው" የሚለው ማስተማመኛም ሁሌ አያስተማምንም። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ላታኒያ ስዊኒ የተባለች አሜሪካዊ ተመራማሪ ስም የሌለበትን የሕክምና መረጃ ከመራጮች መዝገብ ጋር አስተያየችው። በልደት ቀን፣ በፆታና በመኖሪያ አካባቢ የፖስታ መለያ ቁጥር ብቻ የማሳቹሴትስን አገረ ገዥ ፋይል ለይታ አገኘች።

ግዴታው ልክ አለው። ፍርድ ቤት ሲያዝ ወይም አደገኛ ወረርሽኝ ሲነሳ ሕጉ በፈቀደው መጠን መረጃ ሊሰጥ ይችላል።

በጀቱ የት እንደገባ ሲጠየቅ "ምስጢር ነው" የሚል ኃላፊ ግን ነገሩን ገልብጦታል። የሰው የግል መረጃ እንዲጠበቅ የወጣው ደንብ ለመሥሪያ ቤቱ መደበቂያ አልተሠራም። ባለጉዳዩን ከገዛ ፋይሉ ለማራቅም እንዲሁ። እ.ኤ.አ. በ1974 የወጣው የአሜሪካ የግላዊነት ሕግ ለምሳሌ፣ ሰው የፌዴራል መሥሪያ ቤት ስለ እሱ የያዘውን መዝገብ እንዲያይ፣ ስህተት ካገኘም ይታረምልኝ እንዲል ይፈቅዳል።