ምርጊት ምንድን ነው?

ጠላ የጠመቀች ሴት ጋኑን ሞልታ ከከደነች በኋላ አፉን ትመርገዋለች። አየር እንዳይገባ የክዳኑን ዙሪያ በጭቃ ትደፍነዋለች። ግድግዳ ሲሠራም የምንጠቀመው ይህንኑ «መረገ» የሚለውን ግስ ነው። ምርጊት ማለት በእንጨት በተዋቀረ ግድግዳ ላይ በጭድ የተቦካ ጭቃ መለጠፍ ነው። የተለጠፈው ጭቃ ራሱም ምርጊት ይባላል።

አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ከተቆረቆረች ጀምሮ ብዙ ሰው የኖረው እንዲህ ባለ ቤት ውስጥ ነው። በቅርብ ዓመታት ከፒያሳና ከካዛንቺስ ብዙዎቹ ፈርሰዋል። በሌሎች ሰፈሮች ግን ዛሬም ሰው ይኖርባቸዋል፣ ልጅ ያድግባቸዋል። እኔን የሚያሳስበኝ እነዚህ ቤቶች «እናሳምራቸው» ተብሎ በሲሚንቶ ሲለሰኑ ነው።

መጀመሪያ ግድግዳው ከምን እንደተሠራ እንይ። ቋሚዎቹ ብዙ ጊዜ ባሕር ዛፍ ናቸው። በቋሚዎቹ ላይ በአግድም የሚመታው ማገር ነው። ጭቃው በማገሩ መሃል ይገባና ሁሉንም አንድ ላይ ይይዛል። ቤቱን የሚሸከመው እንጨቱ ነው። ጭቃው ደግሞ ብርድና ንፋስ ይከለክላል፣ እንጨቱንም ይሸፍናል።

አፈሩ ወሳኝ ነው። ቀይ አፈር ጥሩ ነው። ጥቁሩ መረሬ ግን ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ ለብቻው ለምርጊት አይሆንም። ጭዱ በተለይ የጤፍ ሲሆን ይመረጣል፤ ቀጭን ስለሆነ ከጭቃው ጋር በደንብ ይዋሃዳል። ጭቃው ሲደርቅ መጠኑ ይቀንሳል፣ መሰንጠቅም ይፈልጋል። ጭዱ ነው አንድ ላይ ይዞ የሚያስቀረው። ጭቃው በእግር እየተረገጠ ይቦካል፣ ውሃ እየተጨመረበት ለጥቂት ቀናት ይቆያል። ጭዱ ሲለሰልስ ጭቃው ይበልጥ ይጣበቃል። ዛሬ አቡክቶ ዛሬውኑ የሚለጥፍ ሠራተኛ ካጋጠማችሁ አስቁሙት።

ወደ ሲሚንቶው ልመለስ። በወላጆቼ ቤት የአንዱ ክፍል ግድግዳ ሲሰነጠቅ ሠራተኛ ጠራን። ሽቦ በሚስማር መትቶ ከላይ ሲሚንቶ ለሰነበት። ያን ጊዜ አዲስ ቤት የገባን ያህል ደስ ብሎን ነበር። ሁለት ክረምት ካለፈ በኋላ ልስኑ ከግድግዳው ተላቆ መነፋት ጀመረ። ስናነሳው ከጀርባው ያለው ጭቃ እርጥብ ነው። የሁለት ቋሚዎች እግር በስብሶ በጣት ይፈረፈራል።

ምክንያቱ ቀላል ነው። ጭቃ በክረምት እርጥበት ይስባል፣ በበጋ መልሶ ያስወጣል። በዚያው ልክ ትንሽ ያብጣል፣ ትንሽ ይሰበሰባል። ሲሚንቶ ግን ግትር ነው፤ አብሮት አይንቀሳቀስም። ስለዚህ ይሰነጠቃል። ውሃ በስንጥቁ ይገባና መውጫ ያጣል። እርጥበቱ እንጨቱን ያበሰብሰዋል፣ ምስጥም ይከተላል። ሽቦው ልስኑን ይሸከማል እንጂ እርጥበቱን አያስወጣም። የጭቃ ግድግዳ በጭቃ መጠገን አለበት የምለው ለዚህ ነው። በዋጋም ቢሆን የሚረክሰው እሱ ነው።

አንድን የተጎዳ ቦታ ለመጠገን ግድግዳውን በጣት መታ መታ አድርጉት። እንደ ባዶ ዕቃ የሚጮኸው ቦታ ጭቃው ከማገሩ ተላቋል ማለት ነው፤ ያን ሁሉ አንሱት። የተጋለጠውን እንጨት በካቻቢቴ ወጋ ወጋ አድርጋችሁ ሞክሩት። የሚገባ ከሆነ በስብሷል፣ ይቀየር። የአዲሱን ቋሚ እግር ብዙ አናጢዎች የተቃጠለ ዘይት ይቀቡታል፤ ከምስጥ ይከላከላል ብለው ነው። የመብራት ሽቦ በዚያ በኩል የሚያልፍ ከሆነ ውሃ ከመንካታችሁ በፊት ከቆጣሪው አጥፉ። ይህን አደራ እላችኋለሁ፤ በቆዩ ቤቶች ሽቦው የተላጠ ሊሆን ይችላል።

ከዚያ የነባሩን ጭቃ ጠርዝ በውሃ አርጥቡ። ደረቅ ጭቃ የአዲሱን ውሃ ስለሚመጥበት አይያያዙም። የመጀመሪያው ምርጊት በኃይል እየተመታ ማገሩ መሃል ይግባ። እሱ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ አትደንግጡ። ሁለተኛው በቀጭኑ ይሄዳል፣ ስንጥቁን ይሞላል። የመጨረሻው ልስን በደቀቀ ጭድና በተነፋ አፈር ይሠራል፤ እበት የሚቀላቅሉበትም አሉ። ጊዜው ከጥቅምት ጀምሮ በጋው ቢሆን ጥሩ ነው። በክረምት የተመረገ ግድግዳ ቶሎ አይደርቅም።

አብዛኛው ጉዳት የሚጀምረው ከግድግዳው ግርጌ ነው። የጣሪያ ውሃ መሬት ላይ ወርዶ እየፈናጠረ ምርጊቱን ይበላዋል። አሸንዳው ተበስቶ ከሆነ መጀመሪያ እሱን አስጠግኑ፤ አለዚያ በየዓመቱ እዚያው ቦታ ትመርጋላችሁ። ሌላም አለ። ኮብልስቶን ሲነጠፍ መንገዱ ከፍ ብሎ ቤቱ ዝቅ ያለባቸው ሰፈሮች አሉ። እዚያ የመንገዱ ውሃ ወደ ግድግዳው ስለሚመጣ፣ ከግርጌው ትንሽ ራቅ ብሎ ቦይ መቆፈር ከየትኛውም ልስን በላይ ይጠቅማል።

ቤቱ የቀበሌ ከሆነ ከመንካታችሁ በፊት ወረዳ ሄዳችሁ የጥገና ፈቃድ ጠይቁ። በአዋጅ ቁጥር 47/1967 ከተወረሱት ትርፍ ቤቶች ብዙዎቹ እስከ ዛሬ የሚከራዩት በዚህ ስም ነው። ያለ ፈቃድ የተጀመረ ሥራ መሃል ላይ ሊቆም ይችላል፤ ግድግዳው ተከፍቶ ዝናብ ቢመጣ ደግሞ የሚጎዳው ተከራዩ ነው።

ለቀለም ደግሞ ምርጊቱ ሙሉ በሙሉ እስኪደርቅ ጠብቁ። እኛ ቤት ሲሚንቶውን አንስተን እንደገና በጭቃ ካስመረግነው በኋላ ከላይ የቀባነው ኖራ ነው። ፕላስቲክ ቀለም እንደ ሲሚንቶው እርጥበቱን ያፍነዋል። ኖራው አልፎ አልፎ መታደስ አለበት፤ ከፋሲካ በፊት አንድ ቅዳሜ ይበቃዋል።