«ሬክተር ስኬል» ምንድን ነው? ሕንጻስ «8 ሬክተር» ይቋቋማል?

ከ2017 ዓ.ም. የፈንታሌ መንቀጥቀጥ ወዲህ መሐል አዲስ አበባ ላይ አፓርታማ የሚሸጥ ሰው ሁሉ የርዕደ መሬት ባለሙያ ሆኗል። ካዛንቺስ ሂዱ፣ ሜክሲኮ ሂዱ፣ የመጀመሪያው ሶሌታ ገና ሳይሞላ «እስከ 8 ሬክተር ስኬል የሚቋቋም» ይባላል። ገዢውም ያንን ይዞ ያማርጣል፤ «ያኛው እስከ 7 ነው ያሉኝ፣ ይሄኛው ግን 8 ነው»። ሻጩ ዋሸ ማለት እንኳ አይቻልም፤ የተናገረው ነገር እውነትም ሐሰትም ለመሆን የሚበቃ ትርጉም የለውም።

ከዚሁ ስሕተት የሚወለድ ሌላም አለ። አንድ አስተያየት ሰጪ በቀደም «ፈንታሌ ላይ 5.8 የነበረው አዲስ አበባ ሲደርስ 4 አካባቢ ወርዷል» እያለ በሙሉ ልብ ያስረዳ ነበር። አልወረደም። መተሐራ ቤት ቢያፈርስ፣ አራት ኪሎ መብራት ቢያወዛውዝ፣ ናይሮቢ ያለ መሣሪያ ላይ ብቻ ቢመዘገብ፣ 5.8 ያው 5.8 ነው። አንድ ርዕደ መሬት አንድ መጠን ብቻ ነው ያለው። «አዲስ አበባ ላይ በሬክተር ስንት ነበር?» የሚለው ጥያቄ መልስ የሌለው እኛ ስላልለካን ሳይሆን የሚለካ ነገር ስለሌለ ነው።

ጃንሜዳ ላይ አንድ ሞንታርቦ ቆሟል እንበል። ጀርባው ላይ የተጻፈው ዋት አንድ ነው። አጥሩ ሥር የቆመው ጆሮውን ይይዛል፣ ስድስት ኪሎ ያለው መዝሙሩን ይለያል፣ ሜክሲኮ ያለው ምንም አይሰማም። «ሞንታርቦው ሜክሲኮ ሲደርስ ስንት ዋት ሆነ?» ብሎ የሚጠይቅ ግን የለም። የርዕደ መሬት መጠን ማለት ዋቱ ነው፤ እዚያው ምንጩ ጋር ይቀራል። ወደ እናንተ የሚመጣው ድምፁ ነው፤ እሱ ደግሞ ሌላ መለኪያ አለው።

ምሳሌውን ትንሽ ልግፋው፣ ይሸከማል። ከሞንታርቦ ቀጭኑ ድምፅ መንገድ ላይ ይሞታል፣ ወፍራሙ ቤዝ ግን ርቆ ይሄዳል፤ መስኮት የሚያንጫጫውም እሱ ነው። በመሬት ውስጥም እንዲሁ ነው። በፍጥነት የሚርገበገበው ማዕበል በቅርብ ይከስማል፣ ዝግ ብሎ የሚወዛወዘው 150 ኪሎ ሜትር ከተጓዘም በኋላ ጉልበት ይተርፈዋል። ሕንጻ ደግሞ የራሱ መወዛወዣ ጊዜ አለው፤ በግምት ለአንድ ፎቅ 0.1 ሰከንድ፣ ስለዚህ ባለ 12ቱ ወደ 1.2 ሰከንድ። ረጅሙ ፎቅ ከሩቅ የመጣውን ዝግተኛ ማዕበል ተቀብሎ ያጎላዋል። በታኅሣሥ 26ቱም ሆነ በየካቲት 7ቱ መንቀጥቀጥ ከላይ ያለው ሰው በደረጃ እየሮጠ ሲወርድ ከሥር ያለው ባለሱቅ «ምን ሆናችሁ?» ቢል ሁለቱም ትክክል ናቸው። ሞንታርቦውን ምድር ቤት አውርዱት፣ ድምፁ ላይ ላለው ይቀንሳል፤ ጥልቅ ርዕደ መሬትም እንዲሁ። ባዶ አዳራሽ ውስጥ አስገቡት፣ ያስተጋባል፤ ልል አፈርም እንዲሁ።

የማይሸከመው ቦታም አለ። ሞንታርቦ አንድ ነጥብ ላይ የቆመ ዕቃ ነው። መሬት ግን የሚሰበረው በነጥብ ሳይሆን በስፋት ነው፤ መጠኑ 7 ሲደርስ ስብራቱ በአሥሮች የሚቆጠር ኪሎ ሜትር ይረዝማል። ያኔ «ከማዕከሉ ስንት ኪሎ ሜትር ነኝ?» የሚለው ራሱ ያሳስታል፣ ወሳኙ ለእናንተ ከሁሉ ከሚቀርበው የስብራቱ ክፍል ያለው ርቀት ነውና።

ቁጥሩ እንዴት እንደሚወጣ ባጭሩ እንይ። ቻርልስ ሪክተር («ሬክተር» የምንለው ሰው) እ.ኤ.አ. በ1935 ከቤኖ ጉተንበርግ ጋር ሲሠራ ያወጣው መለኪያ ለደቡብ ካሊፎርኒያ፣ ለዚያውም ውድ-አንደርሰን ለሚባል አንድ ዓይነት መሣሪያ የተበጀ ነበር። ከምንጩ 100 ኪሎ ሜትር ላይ ያለ መሣሪያ መርፌው 1 ሚሊ ሜትር ከተወዛወዘ መጠኑ 3 ነው ተባለ። 1 ሴንቲ ሜትር ከሆነ 4፣ 10 ሴንቲ ሜትር ከሆነ 5። ለ6 መርፌው 1 ሜትር መወዛወዝ አለበት፣ ወረቀቱ አይችለውም፤ ስለዚህ ራቅ ካለ ጣቢያ ይነበብና በርቀት ይታረማል። ፉሪ ተራራ ላይ ላለው ጣቢያ ከፈንታሌ የመጀመሪያው ማዕበል ከደረሰ በኋላ ሁለተኛው የሚደርሰው 17 ሰከንድ ያህል ዘግይቶ ነው፤ ከዚህ ልዩነት ርቀቱ ይሰላል፣ ከሦስትና ከዚያ በላይ ጣቢያዎች ቦታው ይወጣል፣ ከዚያ የየጣቢያው ንባብ በርቀቱ ታርሞ አማካዩ ይወሰዳል። ርቀት የሚባለው ነገር እዚህ ላይ ተቀንሶ ያለቀ ነው። መጠኑን «አዲስ አበባ ሲደርስ» እያሉ እንደገና በርቀት መቀነስ ሁለት ጊዜ መቁረጥ ነው።

ሌላው፣ መለኪያው «ከ10» የሚታረም ፈተና አይደለም። ጣሪያ የለውም፤ ወደ ታችም ከዜሮ በታች ይወርዳል፣ ትንንሾቹን የሚሰሙ መሣሪያዎች አሉና። እስካሁን በመሣሪያ ከተመዘገበው ትልቁ እ.ኤ.አ. በ1960 ቺሊ የደረሰው 9.5 ነው። በ1 ሲጨምር የመርፌው ውዝዋዜ 10 እጥፍ፣ የሚወጣው ጉልበት ደግሞ 32 እጥፍ ገደማ ያድጋል። ስለዚህ 0.2 ትንሽ ይመስላል እንጂ የጉልበት እጥፍ ነው። የታኅሣሡን 5.8 ብንለውና የየካቲቱን 6.0 ብንለው፣ ሁለተኛው የመጀመሪያውን ሁለት ያህል ነበር።

«ብንለው» ያልሁት ለታኅሣሡ አንዱ ተቋም 5.7፣ ሌላው 5.8 ስላለ ነው። ይሄኔ «እነሱም አያውቁትም» የሚል ይነሣል። የየጣቢያው ንባብ በግማሽ ነጥብ ሊለያይ ይችላል፤ አማካዩ ላይ የ0.1 ወይም የ0.2 ልዩነት የሥራው ጠባይ እንጂ ጠብ አይደለም። በደቂቃዎች ውስጥ የሚወጣው ቁጥር ኮምፒዩተር ያወጣው ነው፤ ሰው ካየው በኋላ ይስተካከላል።

ዜናው ላይ «በሬክተር ስኬል» የሚባለው ቁጥር ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የሪክተር አይደለም። የሪክተር መለኪያ ከ6.5 በላይ ሲሆን ይደክማል፤ የሚያነበው አጭር ማዕበል ነው፣ ትልቅ ርዕደ መሬት ግን ትልቅነቱን የሚያሳየው በረጅሙ ማዕበል ነው። ስለዚህ ቶማስ ሃንክስና ሂሮ ካናሞሪ እ.ኤ.አ. በ1979 በሞመንት የሚሰላውን መጠን አቀረቡ። ስሌቱ ሦስት ነገር ያባዛል፤ የአለቱን ግትርነት፣ የተሰበረውን ስፋትና የተንሸራተተውን ርቀት። 10 ኪሎ ሜትር ርዝመትና 8 ኪሎ ሜትር ወርድ ያለው ስብራት ግማሽ ሜትር ቢንሸራተት 6.0 ገደማ ይወጣል። ለትንንሾቹ፣ በ4 ቤት ላሉት፣ ዓለም አቀፍ ተቋማት የሚያወጡት ብዙውን ጊዜ ሦስተኛ ዓይነት ነው፤ ከሩቅ ጣቢያ የመጀመሪያው ማዕበል ብቻ ተነብቦ የሚሰላ። ሦስቱን በአንድ ሰንጠረዥ ቀላቅሎ «እየጨመረ ነው፣ እየቀነሰ ነው» የሚል ትንታኔ የሚሠራ ሰው የተለያየ መስፈሪያ እየደመረ ነው። «መጠኑ 5.8» ማለት ይበቃል፤ ሪክተርን ማስጠራት ግዴታ አይደለም።

አሁን በዚሁ ስሌት «8 ሬክተር»ን እንፈትሸው። አለቱ የሚሰበርበትን ውፍረት 15 ኪሎ ሜትር፣ መንሸራተቱን ሙሉ 4 ሜትር አድርገን ብንቆጥር፣ 8 ለመድረስ 700 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት በአንድ ጊዜ መሰበር አለበት። ከአዲስ አበባ ጅቡቲ በቀጥታ መስመር ከዚያ ያንሳል። በዋናው የኢትዮጵያ ስምጥ በመሣሪያ ዘመን 7 የደረሰ አልተመዘገበም፤ የነሐሴ 1898 ዓ.ም. ትልቁ እንኳ ከ6.5 እስከ 6.8 ነው የሚገመተው። እኛ ጋ ደግሞ ነገሩን የሚያወሳስብ ማግማ፣ ከመሬት ሥር ያለ የቀለጠ አለት፣ አለ። እ.ኤ.አ. በ2005 አፋር ዳባሁ ላይ 60 ኪሎ ሜትር የሚረዝም መሬት እስከ 8 ሜትር ሲከፈት፣ ርዕደ መሬቶቹ ሁሉ ተደምረው የዚያን እንቅስቃሴ ጥቂቱን ብቻ ነው የሚያስረዱት፤ ቀሪው ማግማው እየገፋ በጸጥታ የከፈተው ነው። እንዲህ ባለ ቦታ ስለ «ዋናው» እና ስለ «ተከታዩ» መንቀጥቀጥ የሚሰጥ እርግጠኛ ትንታኔ ሲሰማ መጠርጠር ነው፤ ማግማ ሲገፋ ቅደም ተከተል አይጠብቅም።

ድምፁን፣ ማለትም እናንተ ጋ የደረሰውን መንቀጥቀጥ፣ የሚለካው ማነው ታዲያ? የጥንካሬ ደረጃ ይባላል፤ የታወቀው የተሻሻለው የመርካሊ ነው፣ 12 እርከን አለው። የሚጻፈው በሮማውያን ቁጥር ነው፣ ከመጠኑ እንዳይምታታ ተብሎ። እኛ በግዕዝ ቁጥር ብንጽፈው ባማረብን። ፬ ላይ ሳህን ይንጫጫል፣ የተንጠለጠለ ይወዛወዛል፤ ፮ ላይ ሁሉም ይሰማዋል፣ ብዙዎች ይደነግጣሉ፣ ልስን ይሰነጠቃል፤ ፲፪ ሙሉ ውድመት ነው። በዚህ ደረጃ ግን «አዲስ አበባ ላይ ስንት ነበር?» ብሎ መጠየቅ ይቻላል፣ እንዲያውም ሰፈር በሰፈር ይለያል። መሣሪያ ባልነበረበት ዘመን ያለን መረጃ ሁሉ ይኸው ነው። አራት ኪሎ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጨረሻ የተቋቋመውን የጂኦፊዚክስ ኦብዘርቫቶሪ የመሩት ፒየር ጉዋን የድሮውን የአገራችንን ርዕደ መሬት ያጠኑት ከዜና መዋዕልና ከደብዳቤ ምን ወደቀ፣ ምን ተሰነጠቀ የሚለውን እየለቀሙ ነው። በ1953 ዓ.ም. በካራ ቆሬው (ከተማው ውስጥ ያለው አይደለም፣ የደሴ መንገዱ) መጠኑ ወደ 6.5 ሲሆን፣ ማጀቴ ላይ የነበረው ጥንካሬና አዲስ አበባ ላይ የነበረው በፍጹም አይገናኙም፤ ማጀቴ ፈርሷል።

መጠኑ ብቻውን ጉዳትን እንደማይናገር እ.ኤ.አ. በ2010 በወር ተኩል ውስጥ ታይቷል። ሄይቲ 7.0፣ ከ100,000 በላይ ሰው ሞተ። ቺሊ 8.8፣ ጉልበቱ 500 እጥፍ ገደማ፣ የሞተው ግን በመቶዎች የሚቆጠር ነው። ርቀት፣ ጥልቀት፣ አፈርና ግንባታ ናቸው ልዩነቱ።

ስለዚህ ሕንጻ የሚነደፍበት ኮድ ውስጥ ሬክተር የሚባል ነገር የለም። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣው የኢትዮጵያ ስታንዳርድ የአውሮፓውን ኮድ 8 የተከተለ ነው፤ የሚጠይቀው ቦታው ላይ መሬቱ በምን ያህል ፍጥንጥነት ይርገበገባል የሚለውን ነው፣ ከመሬት ስበት አንጻር በክፍልፋይ የሚገለጽ። መነሻው በ50 ዓመት ውስጥ የመታለፍ ዕድሉ 10 በመቶ የሆነ መንቀጥቀጥ ነው፤ ያ በአለት ላይ ነው፣ ከዚያ በአፈሩ ዓይነት ይባዛል። እንጦጦ ሥር ያለ አለትና ቦሌ በኩል ያለ መረሬ አፈር አንድ አይደሉም። ደግሞ ኮዱ የሚጠብቀው ሕንጻው ሰው ላይ እንዳይወድቅ ነው፤ አይሰነጠቅም አላለም።

ሻጩን መጠየቅ ያለባችሁ እንግዲህ ይኼ ነው። በየትኛው ስታንዳርድ ተነደፈ፣ በ1995 እ.ኤ.አ. ባለው ወይስ በ2015ቱ? የአፈር ምርመራው ስንት ሜትር ወርዷል፣ የአፈሩ ምድብስ ምን ተባለ? ከታች ያለው ፎቅ ለሱቅ ወይም ለመኪና ተብሎ ግድግዳ አልባ ነው ወይ? ከላይ ያሉት በብሎኬት ተሞልተው ታችኛው በመስታወት ብቻ ከቆመ፣ መንሸራተቱ ሁሉ እዚያ አንድ ፎቅ ላይ ይከማቻል፤ ኮለኖቹ የሚሰበሩት እዚያ ነው።

ከሁሉ በላይ ግን ስታፋው፣ ማለትም የኮለኑን ቋሚ ፌሮዎች ዙሪያቸውን የሚያስረው ቀጭን ብረት። ኮለን ከቢም ጋር በሚገናኝበት ጫፍ ስታፋው ጠጋ ጠጋ ማለት አለበት፤ በመካከለኛ የመተጣጠፍ ደረጃ (ሳይሰበር የመታጠፍ አቅም) ለተነደፈ ሕንጻ ርቀቱ ከዋናው ፌሮ ውፍረት 8 እጥፍ አይበልጥም፣ ለ16 ሚሊ ሜትር ፌሮ ወደ 12.8 ሴንቲ ሜትር ማለት ነው። ጫፉ ደግሞ 135 ዲግሪ ታጥፎ ወደ ኮንክሪቱ ልብ መግባት አለበት። ብዙ ቦታ የሚታየው የ90 ዲግሪ እጥፋት ነው፣ ለማሰር ይቀላልና። በመንቀጥቀጥ ጊዜ የውጭው ኮንክሪት ሲረግፍ የ90ው እጥፋት ይከፈታል፣ ዋናው ፌሮ ይጎብጣል፣ ኮለኑ ይቀመጣል። ከሙሌት በፊት ተቆጣጣሪው መሐንዲስ ያነሣው ፎቶ ካለ እሱን ጠይቁ። ከሙሌት በኋላ የስታፋውን ርቀት በብረት መፈለጊያ መሣሪያ ማግኘት ይቻላል፤ እጥፋቱ 135 ይሁን 90 ግን መሣሪያውም አያሳይም።