«30 እጥፍ ዙም» ስንት ያቀርባል?

ድሬዳዋ ታይዋን ገበያ ገብታችሁ ትንሽ ካሜራ ስትጠይቁ መጀመሪያ የምትሰሙት የዙሙን ቁጥር ነው። «ይሄ 30 ነው፣ ያኛው 10!» ብዙ ሰው 30 ጊዜ ያቀርባል ማለት ይመስለዋል። አይደለም።

ቁጥሩ ተራ ማካፈል ነው። የሌንስ ሚሊሜትር (የትኩረት ርዝመቱ) ሲጨምር ይበልጥ ያቀርባል፤ ሌንሱ ከ24 እስከ 720 ሚሊሜትር ከሄደ፣ 720 ለ24 ሲካፈል 30 ይመጣል። አለቀ። ከ100 እስከ 400 የሚሄደው 4 እጥፍ ብቻ ነው፤ ግን በአንድ ዓይነት ካሜራ ላይ ከ24 እስከ 240 ከሚሄደው 10 እጥፍ ይበልጥ ያቀርባል። ስለዚህ እጥፉን ተዉትና ትልቁ ሚሊሜትር ስንት እንደሆነ ጠይቁ።

ካርቶኑ ላይ «ዲጂታል ዙም» የሚለውንማ እለፉት። ፎቶውን ቆርጦ መለጠጥ ነው፤ ስልካችሁም ያደርገዋል። የሚቆጠረው ኦፕቲካሉ፣ ማለትም ሌንሱ ራሱ የሚያቀርበው ነው።

ካሜራውን የዱር እንስሳ ለማንሳት ከፈለጋችሁት ደግሞ፣ የባቢሌ ዝሆኖች ሰው አይወዱም። ኤረር ሸለቆ ቁጥቋጦ ውስጥ ከሩቅ ካየኋቸው ዕድለኛ ነኝ በሉ። እዚያ 720ው ሥራ አለው። የሐረር ጅብ ግን ሌላ ነው። ማታ ከጀጎል ግንብ ውጪ ሥጋ ሲበላ አጠገባችሁ ነው። ዙም ምን ያደርጋል? የሚያስቸግረው ጨለማው ነው። ትንሽ ካሜራ ዙሙ ሲሳብ የብርሃን ቁጥሩ (በ«f» የሚጻፈው፣ ሌንሱ ምን ያህል ብርሃን እንደሚያስገባ የሚያሳየው) ከ3.3 ወደ 6.4 ሊወጣ ይችላል። ግራ የሚያጋባው፣ ቁጥሩ ሲጨምር ብርሃኑ መቀነሱ ነው፤ እዚህ ወደ ሩብ ገደማ ይወርዳል። ያኔ ዙሙን መልሱና፣ ጅብ መጋቢው ሲፈቅድ ሁለት እርምጃ ጠጋ በሉ። ከደፈራችሁ!